ጎሚስታና ሰባራ ድልድይ፦ የቢቸናና የሞጣ መንገድ በሞተር

ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ግራው ወደ ደብረ ማርቆስ ነው፤ አውቶቡሱም፣ አይሱዙውም፣ የታሪክ መጽሐፉም በአብዛኛው በዚያው ይነዳል። ቀኙ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። በማርቆስ የሄደ ሰው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ለመግባት 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቆርጣል፤ በሞጣ የሄደ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይተርፈዋል። ታዲያ አጭሩ መንገድ እያለ ረጅሙ ለምን ዋና መንገድ ሆነ? መልሱ ከጮቄ ተራራ ነው የሚፈሰው። ሙጋ፣ ሱሓ እና ሌሎቹ ወንዞች ከጮቄ ወርደው ወደ ዓባይ ሲሮጡ ምሥራቅ ጎጃምን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሰንጥቀውታል። መንገድ የሚሠራ ሁሉ አንዱን ገደል ሲጨርስ ሌላው ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ የቢቸና ሜዳ አፈር መረሬ ነው። ጤፍ ሲዘሩበት ወርቅ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ሰውንም ጎማንም ይውጣል።

እኛ ይህን ቀኙን መንገድ የሄድነው በሁለት ሞተር ሳይክል፣ አገሩ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. በፊት ነው። (ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የፈረንጁ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ብለን እንለያለን።) የጉዞ ማስታወሻ የመጻፍ ሐሳብ የለንም። ልናወራ የፈለግነው ስለ ታሪክ ነው፤ ግን ሞተር የያዘ ሰው ታሪክን የሚያየው ሞተሩ በቆመበት ቦታ ስለሆነ ጽሑፉም እንደዚያው መቆም መነሣት ይበዛዋል።

በሞተር አፍሪካን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጡ ፈረንጆች ኢትዮጵያን ያውቋታል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል፣ በ1966 ዓ.ም.፣ 500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተሩን እየነዳ በአገራችን አልፏል፤ ዓለምን ለመዞር አራት ዓመት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲወርዱ በቢኤምደብልዩ ሞተራቸው ኢትዮጵያን አቋርጠዋል። ለእነሱ ሞተር ማለት ነፃነት ነው። ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ግን ሞተር መጀመሪያ የመጣው በመንግሥት ሠራተኛ እግር ሥር ሆኖ ነው፦ የግብርና ሠራተኛው፣ የወባ ማጥፊያው፣ የክትባቱ… ያማሃና ሱዙኪ፣ ከኋላው የታሰረ ሳጥን፣ አቧራ የጠጣ ካፖርት። የሕንዱ ባጃጅ ቦክሰርና የቻይና ሞተሮች ገበሬው ደጅ የደረሱት በጣም ዘግይተው ነው።

ደጀን ላይ የምንቆመው ወደን አይደለም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ1,000 ሜትር በላይ አስወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ያስወጣል። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ወንዙ ጋ ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፤ የእግሩን ፔዳል ሲረግጠው ባዶ ይሆንበታል። ለዚህ ነው አሮጌዎቹ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት። ዳገቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከታች ሙቀቱ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ከላይ አየሩ ይሳሳና ካርቡሬተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያጠጣዋል። ካንዴላውን ፈትተህ ስታየው ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። በጨርቅ ጠርገን፣ በብረት ብሩሽ ፍቀን መልሰን አሰርነው።

ወንዙ ላይ ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ይታያል። አሮጌው በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ነው። አዲሱ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው በገመድ የተወጠረው ድልድይ ነው። ሞተር ላይ ተቀምጦ ይህን ያየ ሰው ስለ ሞጣው ድልድይ ማሰቡ አይቀርም፤ እሱ ጋ በኋላ እንደርሳለን።

አሁን ወደ ቢቸና። መረሬው ከፓራፋንጎው ሥር ተጣብቆ የኋላውን ጎማ አልዞርም አሰኘው፤ በእንጨት እየቆረቆርን ስናወጣ ካቴናው ላልቶ ኖሮ ከጥርሱ ወጣ። አንዱን ሞተር እየገፋን ከተማ ገባን። ከመንገዱ ዳር ጎማ የተሰቀለበት ቤት አገኘንና ለባለቤቱ ነገርነው።

«እናንተ ልጆች፣ ይኼ ካቴና እኮ ዘይት ካየ ቆይቷል» አለን፤ ጋሼ ልንለው የሚገባ ሰው ነበር። «ኩሽኔታውም ተበልቷል። ዳዶውን ፍቱልኝ እስቲ።»

የዚህን ሰው ንግግር ልብ ብላችሁ አንብቡት። ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ። ጨምሩበት፦ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ጎማ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ… ሠሪው ራሱ ጎሚስታ። ይህ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን በኤርትራ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ በቀረው የአገራችን ክፍል ደግሞ አምስት ዓመት ተቀምጦ ከሄደ በኋላ መኪናው አርጅቶ ተጣለ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። እንግሊዞች ከነፃነት በኋላ ብዙ ነገር አምጥተዋል፤ ፈረንሳዮች ባቡሩን ሰጥተውናል፤ ወደ ሞተር ሥር ጎንበስ ስንል ግን የምንናገረው የሮማን ቋንቋ ነው። እና ይህ ቋንቋ የሚነገረው በየትኛው ከተማ ነው? በቢቸና! በአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አገር!

በላይ ዘለቀ አርበኝነቱን የጀመረው ጣሊያን እንደገባ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1936 የስታራቼ ፈጣን ጦር በካሚዮን ተጭኖ ጎንደር ሲገባ፣ ዘመቻው የመኪናና የሞተር ዘመቻ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነበር። መንገድ ባለበት ጣሊያን ነበረ። መንገድ በሌለበት፣ ማለትም በእነዚህ ከጮቄ በሚወርዱ ገደሎች ውስጥ፣ በላይ ነበረ። ዛሬ ሞተር ነጂውን የሚያማርረው መረሬና ገደል ያኔ የአርበኛው ምሽግ ነበር ማለት ነው። በላይ ምሥራቅ ጎጃምን ይዞ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ወሎና ሸዋ ድረስ ስሙ ይጠራ ነበር። ለሰዎቹ ማዕረግ ራሱ ይሰጥ ነበር፤ ግብርም ያስገብር ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተማዋን ለቆ የወጣው የጣሊያን ጦር ወደ ዓባይ፣ ሳፋርታክ ወደሚባለው መሻገሪያ ሸሸ። መንገዱን ይዘጋል የተባለው በላይ ነበር። ጦሩ ግን ተሻገረ። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ከዚህ ጋር አያይዘው የሚያነሡት ነገር አለ፦ ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉ በላይን በጋብቻ ቃል ኪዳን አባብለውታል ይባላል። እኛ ይህን ስናነብ የሚገርመን የጋብቻው ጉዳይ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋ ሰው በመጨረሻዋ ቀን ምን ያህል ብቻውን እንደነበረ ነው። ከአርበኞቹ በላይ ለጣሊያን ያደሩት መኳንንት እንደገና ሊሾሙ እንደሆነ ያላየ አልነበረም። በላይ ደጃዝማች ተባለ፤ ቢቸናን እንዲገዛ ተሰጠው፤ ቅር ተሰኘ፤ ሸፈተ፤ ተያዘ። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ከተቀየረለት በኋላ ከእስር አምልጦ እንደገና ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት ከተሰቀሉት አንዱ የእኒያው የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጨካኝ ቀልድ ይወዳል።

ዛሬ ስሙ የሌለበት የለም። ቢቸና ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በላይ ዘለቀ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ አለው፤ ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል የነበረው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተሰይሟል። የሰቀለውን ሥርዓት ደርግ ጣለው፤ ደርግን ኢሕአዴግ ጣለው፤ የኢሕአዴግን ስም ከአውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንሥቶ የበላይን የለጠፈው ደግሞ ሌላ ወቅት ነው። (ጎሚስታው ካቴናውን በኬሮሲን እያጠበ «ስም መስቀል ሰው ከመስቀል ይቀላል» ብሎን ነበር። እኛ ከዚህ የተሻለ አልጻፍንም።)

ከቢቸና ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የቅኔና የመጽሐፍ አገር። አማርኛ ያነበበ ሰው ዲማን ሳያየው ያውቀዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ዲማ ማለት የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ፣ የሰብለ ወንጌል መስኮት፣ የጉዱ ካሣ ምላስ ነው። እኛም ዲማ ደርሰን ያደረግነው እንደማንኛውም አንባቢ ነው፦ የፊታውራሪን ቤት በዓይናችን ፈለግን። ሰው ቦታ ሲጎበኝ ያልነበረ ቤት ፈልጎ የነበረውን ገዳም ሊያልፈው ይችላል። ልብ ወለዱ ግን ለዚህ ጽሑፍ የሚረዳን በሌላ ነገር ነው። መጽሐፉን የመንገድ መጽሐፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ከዲማ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድ በውስጡ እንደ አንድ ባለታሪክ ነው፤ ዓባይ አለ፣ በረሃ አለ፣ ወንበዴ አለ። በዛብህ ወደ ሰብለ ሊመለስ ሲነሣ የጨረሰው ፊታውራሪ መሸሻ አይደሉም፤ መንገድ ላይ የገጠመው ወንበዴ ነው።

መጽሐፉ ሲታተም ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነበር። አሁን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ መስመር፣ ከዓባይ በፊት በሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምን ክፉኛ ነክቶታል፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ኖሯል። ሞተር ሳይክልም ራሱ ተጠርጣሪ ሆኗል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተፈቀደላቸው በቀር ሞተሮችን ከጎዳና አገደች፤ ምክንያቱ ወንጀል ነው ተባለ። የጎጃሙ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ገደል የማይበግረው፣ ባለ አስፋልቱን መኪና የሚያመልጠው ሞተር የማን እንደሆነ መጠየቅ ተጀመረ። ክትባት ያመጣው ያው ያማሃ ማለት ነው።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከቢቸና ወደ ሞጣ ያለው አገር ለመንግሥት ቀላል ሆኖ አያውቅም። በላይ ከተሰቀለ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ጎጃም እንደገና ተነሣ። የዚህ ጊዜው ጥል ከግብር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ እርሻው እየታየ ገቢው እንዲገመት ያዝዛል። ሸዋ ላይ ይህ ወረቀት ሊመስል ይችላል። ለጎጃም ባለርስት ግን ገማች ወደ እርሻህ ገባ ማለት ቀላድ ተከትሎት ይመጣል ማለት ነው፤ ቀላድ ከመጣ ደግሞ ርስት ሄደ። ገማቾቹን አናስገባም አሉ። ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ማዕከሎች ነበሩ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬዎች አመፅ በጻፈው መጽሐፍ እንዳሳየው ይህ አመፅ ከሌሎቹ የሚለየው በውጤቱ ነው፦ ገበሬው አሸነፈ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፍ ግብር ማሩ፤ አዋጁም ጎጃም ላይ ሳይሠራ ቀረ።

እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። ያ ድል ዋጋ ነበረው ብለን እናምናለን። መንግሥት የማያስገብረውን አገር መንገድ አይሠራለትም። ግብር ሰብሳቢውን ያስቀረው ገደል ሐኪሙንም፣ አስተማሪውንም፣ የማዳበሪያ መኪናውንም አስቀርቷል። የደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ሆኖ ቆይቶ አስፋልት የለበሰው ከማርቆሱ መንገድ በኋላ ነው። ይህንን ለአንድ የሞጣ ሽማግሌ ብንነግራቸው «መንገድ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚመጣበት አታውቁምና ነው፣ ልጆቼ» እንደሚሉን ይሰማናል። ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን።

መርጡለ ማርያም ከዋናው መንገድ ወጣ ማለት ይጠይቃል። የቤንዚኑን ሂሳብ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተማክራችሁ ግቡ፤ እኛ በጀሪካን ይዘን ነበር። ቦታው ግን ይገባዋል። እቴጌ እሌኒ፣ ከፖርቱጋል ንጉሥ ጋር ደብዳቤ የተጻጻፉት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ፖለቲካ ሲሠሩ የኖሩት ሴት፣ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ጦርነት ፈረሰ። በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እንደገና ገነቡት፤ የተጠረበው ድንጋይ ላይ ያለው ጌጥ እስካሁን ዓይን ያስቀራል። የመጨረሻውን ሕንፃ የሠሩት በኋላ ከአገር የተባረሩት ካቶሊኮች ናቸው፤ ፍርስራሹን ጠብቃ ያቆየችው ግን ያባረረቻቸው ቤተ ክርስቲያን ነች።

ሞጣ ከመግባታችን በፊት አንድ ስሕተት እናርም። እ.ኤ.አ. በ2015 «የሞጣ ሰው» ስለተባለው 4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው አፅምና ስለ ዘረ መሉ የወጣው ዜና ብዙ የጎጃም ልጆችን አኩርቶ ነበር። ያ ሞጣ ጋሞ ደጋ ላይ ያለ ዋሻ ነው። የእኛው ሞጣ የከተማነት ታሪኩ ከአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ሞጣ ጊዮርጊስን ካስተከሉበት ጊዜ ጋር ይያያዛል። ከባሕር ዳር 120፣ ከአዲስ አበባ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባለሞተር እዚህ ሲደርስ ዘይት መቀየር አለበት፤ እኛም ቀየርን፤ ከውስጡ የወጣው ዘይት ቡና ይመስል ነበር።

እና ሰባራ ድልድይ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ፣ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ። ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1626 በሱስንዮስ ዘመን ጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው ነው፤ ይህኛው በልጃቸው በፋሲለደስ ዘመን፣ 1660 ገደማ፣ ተከተለ። ድንጋይና ኖራ ነው፤ የአገሬው ሰው ከእንቁላል ጋር ተለውሷል ይላል። ከ270 ዓመት በላይ ነጋዴ፣ ሠርገኛና ዘማች አሻገረ። ጣሊያን ሲመጣ አርበኞች አንዱን ቅስት አፈረሱት። እንደሚነገረው ሲያፈርሱ ከነበሩት መካከል አብረው ወደ ወንዙ የወደቁ አሉ። ጣሊያን አልተሻገረም። ጣሊያን ከሄደ በኋላ ግን ድልድዩን የጠገነው የለም። ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም መጡ፤ ቅስቱ እንደተቆረጠ ቀረ። ሰው የሚሻገረው በወዲያና በወዲህ በቆሙ ሰዎች በሚሳብ ገመድ ወገቡን ታስሮ በክፍተቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለአገር ነፃነት የተሰበረ ድልድይ ስልሳ ስድስት ዓመት ያልተጠገነበትን ምክንያት የሚያስረዳ የመንግሥት ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

የተጠገነው እንዴት ነው? እዚህ ላይ የጋራዥ ነገር ይመለሳል። ናሽናል ጂኦግራፊክ በዲሴምበር 2000 እትሙ ስለ ዓባይ ጉዞ ሲያወጣ በገመድ የሚሻገር ሰው ፎቶ አብሮ አወጣ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ መኪናው እስኪጠገንለት ተቀምጦ ሲጠብቅ መጽሔቱን ያገላብጣል፤ ፎቶውን ያያል። ከዚያ ወንበር ተነሥቶ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ ይባላል፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። የመጀመሪያው ሥራቸው ሰባራ ድልድይ ነበር። ዕቃው በአህያና በሰው ትከሻ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ማንም ጎሚስታ ጋ ተቀምጦ የድሮ መጽሔት ያገላበጠ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ዓባይ ግን ፈገግ አላለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት የሞላው ወንዝ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። የሰባራ ድልድይ ቅስት ለሁለተኛ ጊዜ ተቆረጠ። በዚህን ጊዜ ሠሪዎቹ የፋሲልን ድንጋይ ተዉትና ከታች በኩል፣ ውኃው ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አለቀ።

ሞተራችንን ከላይ፣ መንገዱ በሚያልቅበት መንደር፣ አጥር ውስጥ አስቀምጠን በእግር ነው የወረድነው። ቁልቁለቱ ለጎማ አይሆንም። ስንወርድ ጨውና ጀሪካን የጫኑ አህዮች ቀድመውን አለፉ፤ ነጂዎቹ ወደ በጌምድር ገበያ ነበር የሚሄዱት። አዲሱ ድልድይ ላይ አህዮቹ መጀመሪያ ቆም አሉ፤ ገመዱ ሲወዛወዝ ጆሯቸውን አቆሙ፤ ከዚያ አንዷ ስትገባ ሌሎቹ ተከተሏት። ከላይ በኩል አሮጌው ድልድይ አንድ ቅስቱ ጎድሎ፣ ሣር በቅሎበት ቆሟል።